ከሁሩሙ እስከ ነቀምቴ ሠላሳ አምስት ዓመት

ከመቱ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚመጣ መንገደኛ ሁሩሙን ያልፍና የያዮን የቡና ጫካ ያቋርጣል። በደሌ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። የዴዴሳን ቆላ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ ነቀምቴ ናት። ማለዳ የተነሣ ሰው መኪናው ካልከዳው ሳይመሽ ይገባል።

በዚሁ መንገድ ወዲያኛው ጫፍ፣ ሁሩሙ አካባቢ፣ በ1856 ገደማ የተወለደ አንድ ልጅ ነቀምቴ ለመግባት 35 ዓመት ፈጅቶበታል። በመሐል ምጽዋን፣ ስዊድንን፣ ካርቱምን፣ እንጦጦንና ስዊዘርላንድን ረግጧል። በረሃውንም በረዶውንም ቀምሷል። ስለ ኢትዮጵያውያን ተጓዦች ስናወራ የምንቆጥራቸው አብዛኛውን ጊዜ መልእክተኞችንና መኳንንትን ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው ይህን ልጅ ነው፤ ምክንያቱም ዓለምን የዞረው አገሩ ለመግባት ሲል ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። በኦሮምኛ ሂኩ ማለት መፍታት ነው፤ የታሰረን መፍታትም ነው፣ የቃልን ትርጉም መፍታትም ነው። አማርኛችንም በዚህ ይገጥማል፤ ገመድ እንፈታለን፣ ሕልም እንፈታለን። ስም ያወጡለት ሰዎች ልጃቸው ሁለቱም ዓይነት መፍታት እንደሚደርሰው ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

አባቱ የሞተው ሂካ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች አፍነው ወሰዱት። በኋላ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ቦርድ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደተናገረው፣ ከስምንት ጌቶች እጅ ለእጅ ተላልፏል።

ስምንት ጌታ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በዘመኑ ከጊቤ ማዶ የሚነሣ የነጋዴ ጓዝ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድና ሰው አንድ ላይ ይዞ ነበር የሚጓዘው። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያ ሌላ ነጋዴ ተረክቦ ወደ ሰሜን ይነዳል። በየገበያው ገዢው የልጁን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ክንዱን ይጨብጣል፣ ያስሮጠዋል፣ ያስለዋል። ከአንዱ ጌታ ቋንቋ ጥቂት ቃል መልመድ ሲጀምር ለሌላው ይሸጣል። እነዚህ ሰዎች ስሙንም ወሰዱበት። ነሲብ አሉት። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ዕድል፣ ዕጣ፣ ድርሻ ማለት ነው። ስሙ ዕድሜ ልኩን አብሮት ዘለቀ።

መንገዱ ያለቀው ባሕሩ ላይ ነው። ምጽዋ ያኔ በግብፅ እጅ ነበረች። ከዚያ በጀልባ የሚጫን ባሪያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዐረብ አገር ይወርዳል፤ የተሻገረ አይመለስም። ነሲብን ከዚያ ያዳነው ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነው፤ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ሆኖ ምጽዋ ይኖር ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ለግብፅ አደረና የምጽዋ ገዢ ሆነ፤ በ1875 አውሳ ላይ ተገደለ። ኢትዮጵያ ለሙንዚንገር ያላት ትዝታ መልካም አይደለም፤ ለግብፅ መስፋፋት የሠራ ሰው ነውና። ቢሆንም ይህን አንድ ልጅ ነጻ አውጥቶ ምጽዋ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጥቶታል፤ ይህም እውነት ነውና መጻፍ አለበት።

ስዊድናውያኑ ምጽዋ የገቡት በ1866 ነው። የመጡበት ዋና ዓላማ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር። መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። ኩናማ አገር ገብተው ሞከሩ፤ ንዳድና ግድያ ቁጥራቸውን አመናመነውና ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። ሊደርሱበት ያልቻሉትን ሕዝብ ልጆች እዚያ የባሪያ ነጋዴ አምጥቶ ደጃቸው አደረሰላቸው። የምጽዋ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ የኦሮሞ ተማሪዎች በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ነሲብ ለትምህርት ብርቱ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 1872 የፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚለው ማለት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው፣ ከጌታው ያመለጠው ባሪያ። እንግዲህ ሦስት ስም ሆነለት፤ ሂካን ወላጆቹ፣ ነሲብን የሸጡት ሰዎች፣ ኦነሲሞስን ያስተማሩት ሰጡት። በኋላ ሥራው ላይ የፈረመው በሁለቱ ኋለኞች ነው፤ የመጀመሪያውን ግን ኖረበት።

በነዚያ ዓመታት ምጽዋ የጦር ሰፈር ሆና ነበር። የግብፅ ሠራዊት በመርከብ እየመጣ ይራገፍ፣ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 መጋቢት ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ድል ነሱት። በዚያው በ1876 ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን ተላከ። ዕድሜው ወደ ሃያ ቀርቦ ነበር። ባሪያ ሆኖ ዳሩ ላይ ቆሞ ያየውን ቀይ ባሕር አሁን ነጻ ሰው ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደበት። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው እሱ በተሰረቀበት በዚያው ዓመት፣ በ1869 መጨረሻ ነበር።

ማረፊያው በስቶክሆልም አጠገብ ብሮማ የሚገኘው ዮሐነሉንድ የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ሆነ፤ የተቋቋመው በ1862 ነው። አምስት ዓመት ተቀመጠ። ከኢሉባቦር ጫካ፣ ከዚያም ከምጽዋ ሐሩር ለመጣ ሰው የስዊድን ክረምት ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ሊመሰክር ይችላል። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሐይቁ ይረጋል፣ ሰው በላዩ ይሄዳል። የዛሬው ስደተኛ ግን ስልክ አለው፣ ስቶክሆልም ውስጥ እንጀራ ይገዛል፣ በቋንቋው የሚያወራው ሰው ያገኛል። ኦነሲሞስ እነዚያን አምስት ዓመታት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚመልስለት ሰው በሌለበት አገር ነው ያሳለፈው። ስዊድንኛ ተማረ፣ ነገረ መለኮት ተማረ። የተወለደበት ቋንቋ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ባለበት ቆመ። ይህ ጉድለት ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል፤ እመለስበታለሁ።

በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ። ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ወዲያው ወደ አገሩ የሚወስደውን መንገድ መፈለግ ጀመረ። የኢትዮጵያ ደጋ ለሚስዮናውያን ዝግ ነበር፤ በ1878 አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ሲስማሙ የውጭ ሰባኪዎች እንዲወጡ ተወስኖ፣ በተከታዩ ዓመት የካቶሊኩ ሚስዮናዊ አባ ማስያስ ሳይቀሩ ከሸዋ ተባረዋል። ስለዚህ ኦነሲሞስና አሬኒውስ የተባለው ስዊድናዊ ባልደረባው በጀርባ በኩል ለመግባት አሰቡ። ሱዳንን አቋርጠው፣ ዓባይን ተከትለው ወደ ላይ ወጥተው፣ ከምዕራብ ወለጋ መግባት።

የካርታውን ነገር ላስተዋለ ሰው ሐሳቡ እብደት አልነበረም። አሶሳ ደረሱ። ከአሶሳ ወዲህ መንዲ አለ፣ ነጆ አለ፣ ጊምቢ አለ፣ ነቀምቴ አለ፤ ዛሬ አውቶቡስ የሚመላለስበት መስመር ነው፤ ያኔም በእግር የሚኬድ ነበር። ከዚያ ግን ማለፍ አልቻሉም። ተመለሱ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲገቡ አገሩ በማህዲ አመፅ እየተናጠ ነበር። ኦነሲሞስ በንዳድ ወድቆ ነበር። ካርቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከበበች፤ በጥር 1885 ማህዲስቶች ገብተው እንግሊዛዊውን ጄኔራል ጎርደንን ገደሉት። ኦነሲሞስ በጊዜ ባይወጣ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያ ያበቃ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ የሞከረው በዚያው በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ በሸዋ በኩል ነው። ከባሕሩ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አልፎ፣ እንጦጦ ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ ግን ወደ ኦሮሞ አገር እንዲያልፍ አልፈቀዱለትም፤ በበላያቸው የነበሩት አፄ ዮሐንስ ናቸውና የልቼ ቃል ይዟቸዋል። እንደገና ወደ ምጽዋ።

እሱ በበረሃ ሲንከራተት አገሩም ባለበት አልቆመችም። በሰኔ 1882 እምባቦ ላይ የምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ጦር ገጠመ፤ ምኒልክ ድል አደረጉ። የነቀምቴው ገዢ ሞረዳ በከሬ ከራስ ጎበና ጋር ተስማምተው ለምኒልክ ገበሩ። ሞረዳ በ1889 ሲያርፉ ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ፤ ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ምኒልክ የክርስትና አባታቸው ሆኑ። ነቀምቴ የወርቅና የዝሆን ጥርስ ግብር የሚሰበሰብባት፣ ከአዲስ አበባ ጋር በቀጥታ የምትነጋገር የገዢ ከተማ ሆነች። ዛሬ ሙዚየም የሆነው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

በእግሩ መግባት ያልቻለ ሰው ሌላ መንገድ መረጠ። ራሱ ባይደርስ መጽሐፉ ይድረስ አለ። ከምጽዋ ወጣ ብሎ እምኩሉ ላይ፣ ሚስዮኑ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ባቆመበት ቦታ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ከዚያ አዲስ ኪዳንን ያዘ።

ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ጉድለት የወጣው እዚህ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ኦሮምኛ ያውቅ ነበር፤ ያወቀው ግን የልጅ ኦሮምኛ ነው። የሽማግሌ ሸንጎ ላይ ቁጭ ብሎ አልሰማም፣ የሠርግ ዘፈንና የልቅሶ ሙሾ ለይቶ ለመያዝ አልደረሰም፣ ሴቶች በምድጃ ዳር የሚያወሩትን ተረት ሰምቶ ሳይጠግብ ተወሰደ። ጳውሎስ ስለ ጸጋና ስለ ጽድቅ የጻፈውን በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃላት መመለስ አይቻልም።

ቋንቋውን መልሳ የሰጠችው አስቴር ጋኖ ናት። በ1872 ገደማ ነጻ ሰው ሆና ብትወለድም የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። እሷም እንደ እሱ ወደ ባሕሩ ተነዳች፤ እሷ እንዲያውም ጀልባው ላይ ተጭና ነበር። ጣልያኖች ምጽዋን በ1885 ይዘው ነበርና በ1886 መርከባቸው ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ የሚወስዳትን ጀልባ ያዘ። እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አስተማሪዎቿ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይህች ልጅ ቋንቋዋን ከነሥሩ ይዛ መጥታለች።

የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራው ተሰጣት። በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን የተቃናው በዚያ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ ደግሞ ትዝታዋን መጻፍ ጀመረች። ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈን፣ እና ኦሮምኛው ሂቦ የሚለው፣ በአማርኛ እንቆቅልህ የምንለው የልጆች ጨዋታ። አምስት መቶ ያህል ጻፈች። መጽሐፍ አልነበራትም፤ የምትጠይቃት አያት አጠገቧ አልነበረችም። ባሪያ ነጋዴ ጨርቋንና ቤቷን ሲቀማት ከጭንቅላቷ ውስጥ መውሰድ ያልቻለውን ነው በወረቀት ላይ ያራገፈችው። ብዙው በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ለጀማሪ አንባቢ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው፤ ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ ወዲያው የሚያነበው ያደገበትን ተረት ነው። ከዚያ የተሻለ የማስተማሪያ መንገድ እስከ ዛሬም አላየሁም።

ፊደሉ ግዕዝ ነው። ኦሮምኛን በግዕዝ መጻፍ ችግር አለው፤ ለዚህ ነው ከ1991 ወዲህ ቁቤ የተመረጠው። ግዕዝ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ እኛ አማርኛ አንባቢዎች «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት ከዐውዱ እንደምንገምተው ማለት ነው። በአማርኛ የሌለ ድምፅም አለ፤ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃን ነክቶ የሚለቀው። ለዚህ ደ ላይ ጭረት ተጨምሮ ዸ ተቀረጸ። ዹጋ ብለን እንጽፋለን፤ እውነት ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ፊደል ሲያይ መጀመሪያ የማተሚያ ስሕተት ይመስለዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ግን አንድ ጊዜ ሲያነበው የገዛ አፉን ቅርጽ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ የተሠራው በሰላም ጊዜ አይደለም። በ1887 ከብት ጨራሹ በሽታ የገባው በዚያው በምጽዋ በር ነው፤ ክፉ ቀን የምንለው ረኃብ ተከተለ። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። በ1896 ዐድዋ ሆነ። ኦነሲሞስም የቤቱን ሐዘን አይቷል፤ ምሕረት ሞተችበት። በኋላ ያገባት ሊዲያ ዲምቦ እንደ እሱ ከባርነት የተፈታች የኦሮሞ ልጅ ናት። እምኩሉ ላይ ወንበር ዙሪያ የተሰበሰቡት እነዚህ ሰዎች ሁሉም የተሸጡ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም የተሸጡበትን አገር መንገድ እየፈለጉ ነበር።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ሙሉ ትርጉም ተጠናቀቀና ማተሚያ ፍለጋ ኦነሲሞስ እንደገና ባሕር ተሻገረ። የዚህ ጊዜ መድረሻው ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ያለው ቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ነው። ኮረብታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካበጁት ባለ እጆች ብዙዎቹ የሰለጠኑት እዚያ ነው። አሁን ደግሞ ከዚያው ኮረብታ የግዕዝ ፊደል ገጽ በገጽ ወጣ። በ1899 ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በታሪክ የተጠራው ስም የኦነሲሞስ ነው፤ የአስቴር ድርሻ ለብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ቆይቷል። ይህ ስሕተት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ያለ እሷ መጽሐፉ ታትሞ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ ወለጋ ውስጥ እንደዚያ ሊነበብ ግን አይችልም ነበር።

ወደ ወለጋ ቀድሞ የገባው ሌላ ሰው ነው። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል፣ የሐማሴን ሰው፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ ከነቤተሰባቸው ተጉዘው ቦጂ ተቀመጡ። የትግርኛ ተናጋሪ ካህን ኦሮምኛ ተምሮ በቦጂ ሰፈር ሲያስተምር ማሰብ ደስ ይላል። በ1905 ቦጂ ላይ እሳት ተነሥቶ ሰው ለማዳን ሲሉ ሞቱ።

ኦነሲሞስ፣ ሊዲያ፣ አስቴርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በ1904 ነቀምቴ ገቡ። በኛ አቆጣጠር 1896 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ወዲህ አንቱ ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ የወለጋ ሰውም እንደዚያ ነው የተቀበላቸው። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በትልቅ ክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ አርባ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ከአገራቸው ልጅ ሆነው ወጥተው ጎልማሳነታቸውን ጨርሰው ተመለሱ፤ ያውም ሁሩሙ አልደረሱም፤ የደረሱት ከዴዴሳ ወዲህ ነው።

ትምህርት ቤት ከፈቱ። የነቀምቴ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ፊደል ቆጠሩ። የዘመኑን ሁኔታ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ትምህርት ማለት በግዕዝ ዳዊት መድገም በነበረበት ዘመን፣ አንድ የገበሬ ልጅ እናቱ በምትናገረው ቋንቋ የተጻፈ ተረት ያነብባል። አስቴር የመንደራቸውን ሂቦ አሁን ለነቀምቴ ልጆች ያስተምራሉ። እምኩሉ ላይ ከትዝታ ተቀድቶ የተጻፈው ወደ ተነሣበት አፍ ተመለሰ።

ክሱም አልዘገየም። ኦነሲሞስ የሚሰብኩት በኦሮምኛ ነው፤ ከሰሜን የመጡት ካህናት ደግሞ ኦሮምኛ ስለማይሰሙ ምን እንደሚባል አያውቁም ነበር፤ የማይሰሙት ነገር ደግሞ ያስፈራል። እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱ። በግንቦት 1906 አዲስ አበባ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር ይውጡ ተብሎ ተፈረደባቸው። ሌላ ስደት ማለት ነው፤ በሃምሳ ዓመት። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ሻሩት። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ተመልሰው እንዲቀመጡ፣ መስበክ ግን እንዲተዉ ወሰኑ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሊኖር ይችላል። የኔ አስተያየት ንጉሡ ብልህ ፍርድ ፈርደዋል የሚል ነው። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ እንጦጦ ላይ የመለሱትን ሰው አሁን አገሩ ውስጥ አኖሩት። ኦነሲሞስም አሥር ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በትምህርት ቤታቸው ብቻ ተወስነው ኖሩ። ካርቱምና እንጦጦ ያልሰበሯቸው ሰው በነቀምቴ ዝምታም አልተሰበሩም። ፊደል እያስቆጠሩ ጠበቁ።

በ1916 አቡነ ማቴዎስ ጉዳዩን እንደገና አነሡ። ያኔ በሥልጣን ላይ የነበሩት ልጅ ኢያሱ ግን፣ ኦነሲሞስ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ ደብዳቤውን ግን የሻረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኦነሲሞስ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ ሰብከዋል፣ አስተምረዋል።

ያረፉት እሑድ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ገና በሕግ ጨርሶ አልተሻረም ነበር። ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተከለከለው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው።

አስቴር ጋኖ ያን አዋጅ ለማየት በቅተዋል። የኦነሲሞስን ሞት አይተዋል፣ የጣልያንን ወረራና መውጣት አይተዋል፣ የወለጋ ምእመናን ያሉበት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ሲቋቋም አይተዋል። በ1964 ነው ያረፉት፤ ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፎ ነበር። አይራ ላይ በኦነሲሞስ ነሲብ ስም የተሰየመ ሴሚናሪ አለ። አስቴር ከጻፏቸው ተረቶችና ዘፈኖች ሳይታተሙ የቀሩት ስዊድን ውስጥ በአንድ የሚስዮናውያን ቤተሰብ እጅ ሲጠበቁ ኖረዋል።

ነቀምቴ፣ ቦጂ፣ ነጆ፣ ጊምቢ፣ አይራ ያላችሁ አንባቢዎች፦ በአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ ዳሩ የተበላ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ መጽሐፍ ካገኛችሁ፣ ዸ የሚለውን ፊደል ፈልጉበት። ካለበት አትጣሉት፣ ለጥቅል መጠቅለያም አትስጡት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠርጉና ነቀምቴ ላለው የወለጋ ሙዚየም አሳዩት። አንብቦ የሚያስረዳችሁ ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አስነብቡትና ድምፁን ቅዱ።